የወደቀው ፈረሰኛ

ኡርሲና በሲስኪያ ከተማ፣ ከሳንቲም መቀጥቀጫው ቤት ደጃፍ የወንዝ ዓሣ እየጠበሰች ትሸጣለች። አንድ ቀን ዳሲዮስ የሚባል ወጣት ዓሣ በላና ገና የሚያብለጨልጭ የነሐስ ሳንቲም ሰጣት። ገልበጥ አድርጋ አየችው። አንድ ወታደር ከፈረሱ የወደቀ ሰው በጦር ሲወጋ ተቀርጾበታል።

«ጽሑፉ ምን ይላል?»

«መልካሙ ዘመን ተመለሰ።»

ወንድሟ ባለፈው መስከረም ከተሸናፊው ወገን ተሰልፎ፣ ፈረሱ ላይ እንዳለ ተወግቶ ነው የሞተው። የገደለው ደግሞ ይህን ሳንቲም ያሠራው ንጉሠ ነገሥት ጦር ነው። ደሟ ፈላ።

«ይህን የቀረጸ እጁ ይሰበር።»

«እኔ ነኝ የቀረጽኩት» አለ ዳሲዮስ። «ቅረጽ ተባልኩ፣ ቀረጽኩ።»

«ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ።»

በማግስቱ መጣ። ሆን ብላ ያሳረረችውን ሰጠችው፤ ምንም ሳያስተርፍ በላ። የብርዱን ወራት እሷ ስትሰድበው፣ እሱ ሲበላ ከረሙ። አንድ ቀን የቀረ እንደሆነ ግን ዓይኗ ከበሩ ላይ አይነቀልም፤ ለዚህም እሱኑ ትረግመዋለች። በስድቧ መሃል ወንድሟ እንዴት እንደሞተ ነገረችው፤ ስሙን የጠየቃት ሰው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስድቡ ቀጠለ እንጂ ጥላቻው አብሯት አልቆየም።

ላግባሽ ባላት ሰሞን አባቷ ሰሙ።

«የዚያ ቤት ሠራተኛ እኮ ከነዘሩ የመንግሥት ንብረት ነው» አሉ። «ያገባችውም ነፃነቷን ታጣለች። የምትወልጃቸውም እዚያው ታስረው ይቀራሉ። አልነገረሽም?»

አልነገራትም። ዓሣውን እሳት ላይ ትታ ሮጠች፤ ከሥራ ሲወጣም በሩ ላይ ያዘችው።

«አባቴ ሁሉን ነገሩኝ። ታውቅ ነበር?»

ዳሲዮስ አንገቱን ደፋ። ይህም ይበልጥ አናደዳት።

«ፈረሰኛውን የቀረጽከው ታዘህ ነው። እኔን እንድታታልል ማን አዘዘህ?»

«ማንም። እንዳላጣሽ ፈርቼ ነው።» ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «አባትሽ እውነታቸውን ነው። ተይኝና ሌላ አግቢ።»

«ደግሞ ታዘኛለህ?» እጁን አፈፍ አደረገች። «ንጉሡ አንተን፣ አንተ እኔን። የራሴን ነገር የምወስነው እኔ ነኝ። እወድሃለሁ፣ መዓት ይውረድብህ።»

እጁን እየጎተተች ወደ ግቢው ገባችና የሠራተኞቹን ጋብቻ በሚመዘግበው ጸሐፊ ፊት አቆመችው። ጸሐፊው ቀና ብሎ አያት።

«ነፃ ሴት ነሽ?»

«እስካሁን አዎ» አለች ኡርሲና፣ የዳሲዮስን እጅ ሳትለቅ።