ማሽኑ ያልቆመበት ቀትር

«እንዳትነኪው!» አለች ልብስ ሰፊዋ ባቡር፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሳ።

ቀጮ ማሽኑን ለማጥፋት የዘረጋችው እጅ አየር ላይ ቀረ። የግድግዳው ሰዓት ልክ ስድስት ሰዓት ይላል። እናቷ ሲኖሩ በዚህች ደቂቃ በልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ ሦስቱም ማሽኖች ይቆማሉ፣ ሬዲዮኑ ይዘጋል፣ ካውያው ይነቀላል። እናቷ አማትበው እጃቸውን ጭናቸው ላይ ያሳርፉና «ጌታዬ፣ አለሁ፤ እየሰማሁህ ነው» ይላሉ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ሙሉ ትንፍሽ የለም። ጠዋት ሲነሱም፣ ማታ ከመተኛታቸው በፊትም እንዲሁ ናቸው። የቀትሩ ግን ደንበኛ ፊት ስለሆነ ቀጮን ያሳቅቃታል። አንድ ቀን የክፍሏ ልጅ ቀሚስ ልትለካ መጥታ በዚያ ዝምታ መሃል ስትቁለጨለጭ፣ ቀጮ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

«እማዬ አደራ ብላኛለች እኮ።»

«አደራው ስልሳ ዩኒፎርም ነው! ከነገ ወዲያ ይረከቡናል። አምስት ደቂቃ ማለት አንድ እጅጌ ማለት ነው። ደግሞ እግዜር ማሽን ቢጮህም ይሰማል፤ ጆሮው እንደኛ መሰለሽ?»

ባቡርን ባቡር ያሰኛት የስፌቷ ፍጥነት ነው፤ አንዴ ከተነሳች ፌርማታ አታውቅም። ቀጮ ሳቀችና እጇን መለሰች። እንዲያውም ውስጧ ቀለል አላት። ባቡር ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው፤ ሁለቱም ከዘፈኑ ጋር እየዘፈኑ መስፋታቸውን ቀጠሉ።

እናቷ የሄዱት ያን ዕለት ጠዋት ነበር፣ ታናሽ እህታቸውን ምጥ ይዟት። በሩ ላይ ቆም ብለው «ስድስት ሰዓትን አደራ» ብቻ አሉ። ዩኒፎርሙን ስሙንም አላነሱት።

አመሻሹ ላይ ደወሉ። «ወንድ ልጅ ነው! ሦስት ኪሎ ተኩል! አባቱን ቁርጥ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፣ «ስድስት ሰዓት ላይ ቆማችሁ?»

«አዎ፣ ቆምን» አለች ቀጮ። ውሸቱ ሳይጠሩት መጣ።

«ዝም ስትዪ ምን ተሰማሽ?»

ይህን አልጠበቀችም። «ሰላም» አለች ቶሎ ብላ። «ደስ የሚል ሰላም ነገር።»

«ተመስገን! እኔም በዚያች ሰዓት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቆሜ ነበር። የእህቴን ጩኸት ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ልጄ አሁን አብራኝ እየጸለየች ነው ብዬ ነው የቆምኩት።»

ቀጮ ስልኩን ዘጋች። ራት አልወረደላትም።

በማግስቱ ሰዓቱ ስድስት ሲል ማንንም ሳታስፈቅድ ተነስታ የቤቱን ዋና ማጥፊያ ወደ ታች አወረደችው። የባቡር ማሽን እጅጌው መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«አበድሽ እንዴ!»

«አምስት ደቂቃ። በቃ። ከዚያ የፈለግሽውን በይኝ።»

ተቀመጠች፤ አማተበች። ምን እንደምትል ግራ ገባት። «ጌታዬ፣ አለሁ» አለች በሹክሹክታ። የቀረውን ለማለት አፈረች፤ ትናንት የዋሸችበት ነገር ነውና። ቢሆንም አለችው፦ «እየሰማሁህ ነው።»

መጀመሪያ የሰማችው የራሷን ልብ ነው። ቀጥሎ የባቡርን የንዴት ትንፋሽ። ከመንገዱ ማዶ የሚያልፍ መኪና። ከዚያ አንድ ሌላ ነገር መጣ።

ጠቅ።

ረጅም ዝምታ። ከዚያ እንደገና፣ ጠቅ።

«አይጥ ነው» አለች ባቡር።

ከጀርባው ግድግዳ ነው የሚመጣው፣ ከታች፣ ከወለሉ ጥግ። ቀጮ ተንበርክካ ጆሮዋን ለጠፈች። ቀዝቃዛው ልስን ውስጥ የደከመ ድምፅ «ሰው የለም ወይ?» ሲል ሰማች።

ግድግዳው ማዶ የሚኖሩት ጡረታ የወጡት ጫማ ሠሪ ናቸው፣ ብቻቸውን። ትናንትም ዛሬም ዓይኗ አላያቸውም፤ ይኼም ትዝ ያላት ገና አሁን ነው።

በራቸው በኋላው መንገድ በኩል ነው። ሁለቱም እየሮጡ ዞሩ። ከውስጥ ተቀርቅሯል። ባቡር ጎረቤት ያለውን በያጅ ጠርታ መጣች፤ እሱም ብረቱን በበሩ ስንጥቅ ከትቶ በአንድ ግፊት ገነጠለው።

ሽማግሌው በአልጋውና በግድግዳው መካከል ወለሉ ላይ ተጋድመዋል። አንድ እግራቸው እግር በማይዞርበት በኩል ዞሯል። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። በእጃቸው አንድ ጫማ ጨብጠዋል፤ በተረከዙ የደበደቡት ልስን መዳፍ የሚያህል ተቦርቡሮ፣ ነጭ አቧራው ፀጉራቸው ላይ ተነስንሷል።

ከሰዓት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ፣ ዳሌያቸው እንደተሰበረና ውሃ ጥም ክፉኛ እንደጎዳቸው ነርሷ ነገረቻቸው። «ሌላ አንድ ቀን ቢያድሩ ኖሮ…» አለችና ተወችው። በያጁ ለአልፎ ሂያጁ ሁሉ «ይቺ ናት ያገኘቻቸው! ስትጸልይ ሰምታ!» እያለ ቀጮን በጣቱ ያሳያል። አንዲት የማታውቃት ሴትዮ ግንባሯን ሳመቻት። ቀጮ የሳመቻትን ቦታ በእጅጌዋ ጠረገችው።

ሽማግሌው ትንሽ ነፍስ ሲዘሩ ወደ አልጋቸው ጠሯት።

«ትናንት ጎህ ሲቀድ ነው የወደቅሁት፣ ልጄ። መጀመሪያ ጮህኩ፤ ማሽናችሁ ጩኸቴን ዋጠው። ከዚያ ምን አልኩ? ዐቅሜን ልቆጥብ፣ ስድስት ሰዓት ላይ እናትሽ ታቆማለች፣ ያኔ እመታለሁ። ዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አላዛነፈችም እኮ። እሷ ዝም ስትል እኔም ከግድግዳው ማዶ ሆኜ አማትባለሁ። ደወሌ እሷ ናት።» ምራቃቸውን ዋጡ። «የእጅ ሰዓቴ ስድስት አለ። ማሽኑ ግን አልቆመም። ስድስት ተኩል አለ፤ አሁንም አልቆመም። ይቺ ሰዓት ተበላሽታለች፣ ገና ስድስት አልሆነም ብዬ ስጠብቅ ቀኑ መሸብኝ። ራሴን ስቼ ስነቃ እናንተም ዘግታችሁ ሄዳችኋል።»

ቀጮ ሬዲዮኑ ትዝ አላት። ዘፈኑ፣ ሳቁ፣ የመጣላት መቅለል። እሳቸው በዚያች ደቂቃ፣ ከእግሯ ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጆሯቸውን አቁመው ዝምታዋን ይጠብቁ ነበር።

ባቡር ፊቷ አመድ መስሏል። የቀጮን ክንድ ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣቻት። «ምንም እንዳትዪ! ድነዋል አይደል? አሁን ብትናገሪ ማንን ይጠቅማል? እናትሽን ማሳቀቅ ነው ትርፉ። የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።»

«ሁለታችን ብቻ አይደለንም» አለች ቀጮ።

ስትመለስ ሽማግሌው የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ዘረጉላት። «ሰዓት ሠሪ ጋ ውሰጅልኝ፣ የኔ ልጅ። ለትንሽ ልታስጨርሰኝ ነበር።»

ተቀበለቻቸው። ከክፍሉ የግድግዳ ሰዓት ጋር አስተያየቻት፤ የደቂቃ እንኳ ልዩነት የለም። ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋች፤ ማሰሪያዋን ቀስ አድርጋ መልሳ እጃቸው ላይ ቆለፈችው።

«ጋሼ፣ ሰዓትዎ ልክ ናት።»

«ታዲያ…»

«ማሽኑ ነው ያልቆመው። እናቴ የለችም ነበር። አደራ የሰጠችው ለኔ ነው፤ ዩኒፎርም ለማድረስ ብዬ አላቆምኩትም። ለሷም አቆምኩ ብዬ ዋሽቻታለሁ።»

ባቡር በሩ ላይ እንደቆመች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሽማግሌው ቀጮን ረጅም ጊዜ አዩዋት። አልተቆጡም፤ አይዞሽም አላሉም። «ያን ሁሉ ሰዓት…» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ቀጮ ተነስታ ለመሄድ ፈለገች። አልሄደችም። እዚያው ወንበር ላይ ቆየች።

ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጠራ። እናቷ ናቸው፤ ወሬው ደርሷቸዋል ማለት ነው። ባቡር «ውጪ ወጥተሽ አናግሪያት» ብላ በእጇ ጠቆመቻት።

ቀጮ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ ሽማግሌው እንዲሰሙ አድርጋ ስልኩን አነሳችው።

«እማዬ» አለች፣ «ተመስገን ከማለትሽ በፊት አንድ ጊዜ ስሚኝ።»