ከቅስቱ ሥር የነበረው አግዳሚ

ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም ሁሉ... ከዘንድሮ ጀምሮ የቀትር እንቅልፍ መተኛት ሙሉ በሙሉ ማቆሜን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ውሳኔው አይሻርም። ምክንያቱን ስትሰሙ እናንተም ትፈርሙበታላችሁ።

የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ከሰው ሰምቼ ቢሆን ኖሮ እኔም እስቅ ነበር።

ወሩ ግንቦት ነው። ሰዓቱ ከቀኑ ሰባት ሰዓት።

ጨረቃ የለም፤ ጉጉት የለም። አስፋልት በሚያቀልጥ ፀሐይ፣ ከሕንዷ አግራ ከተማ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር፣ ጠራራ ላይ ነው የሆነው። የመንደሯን ስም አልጠራም። ሥራዬን ገና እፈልገዋለሁ።

ታንሜይ እባላለሁ። የጥንት ሕንጻ ጠጋኝ ነኝ። ሕንድን የገዙት የሙጋል ነገሥታት ግምጃ ቤታቸው ሞልቶ ያቆሙትን እኛ በባዶ ካዝና እንዳይወድቅ እንለምነዋለን።

ዙቤር የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አንለያይም። በወሩ መጨረሻ፣ በቤተሰቡ ልማድ፣ የአክስቱን ልጅ ሹማይላን ሊያገባ ነበር።

ከአግራ ስንወጣ ሹማይላ እኔን ነጥላ ጠራችኝ።

"እሱ ፎክሮ ግድግዳ ሥር የሚገባ ሰው ነው" አለችኝ። "በጤናው አምጣልኝ። አደራ።"

"ምን ይሆናል ብለሽ ነው?"

"አደራ አልኩህ።"

ተቀበልኩ።

የምንጠግነው ነገሥታቱ ለበጋ ማረፊያ ያሠሩት ቀይ የድንጋይ ቤት ነው። በሩ የሁለት ወገን እጅ አለበት። ከላይ ሹል ቅስት... የዙቤር ሰዎች፣ የሙስሊሞቹ ሥራ። ከቅስቱ ሥር ደግሞ የዝሆን ኩምቢ በመሰሉ ሁለት የድንጋይ ክንዶች ላይ የተጋደመ አግዳሚ፣ በሎተስ አበባ የተፈለፈለ... የኔ ሰዎች፣ የሂንዱዎቹ ሥራ።

በአግዳሚውና በቅስቱ መካከል ምንም የለም። በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ክፍት ነው። ሰማይ ይታይበታል።

"የናንተ ሰዎች ፈሪዎች ነበሩ" ይለኛል ዙቤር። "የኛዎቹ ቅስቱን ሠርተው እጃቸውን ታጠቡ። የናንተዎቹ ግን 'ቢወድቅስ?' ብለው ከሥሩ ድንጋይ ወተፉበት።"

"ጠንቃቃ ነው የሚባለው።"

"አራት መቶ ዓመት አየር ተሸክሞ! ፓንዲት፣ ለዚህ ድንጋይ ጡረታ እናስከብርለት።"

ሲያሾፍብኝ ፓንዲት ነው የሚለኝ፤ የሂንዱ ሊቅ ማለቱ ነው። ስሜን ጠርቶኝ አያውቅም።

አግዳሚው መሃሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። ልናወርደው ወሰንን። እስከዚያው ከሥሩ የብረት ክሪክ አቆምንና በጣት አጠበቅነው።

የግንበኞቹ አለቃ ባንሲዳር፣ ሁላችንም ባንሲ ቻቻ፣ አጎቴ ባንሲ፣ የምንለው ሽማግሌ፣ ስንጥቁን ሲያይ ቆየ።

"እኔ የምለው ልጆቼ... ምንም ያልተሸከመ ድንጋይ በምን ይሰነጠቃል?"

"በእርጅና" አለው ዙቤር።

"እኔስ ታዲያ አላረጀሁም?"

"አንተማ የያዘህ ሱሪህ ነው ቻቻ።"

ሳቅን።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ርግቦቹን ነው።

ጠዋት ጠዋት በዚያ ክፍት ቦታ ሽው ብለው ይገባሉ፤ ይወጣሉ። ሰባት ሰዓት ገደማ ሲሆን ግን...

አንዷ ቀጥ ብላ መጣች። ልትገባ ስትል አየር ላይ ተጠመዘዘች። ሰው በሩን ሞልቶ ሲቆምብህ ዞር እንደምትለው።

የተከተለቻትም እንደዚያው።

ቀጥሎ ክሪኩ።

ጠዋት በሁለት ጣት ይዞራል። ቀትር ላይ እኔና ባንሲ ቻቻ ተረዳድተን ብንታገለው ንቅንቅ አላለም። ፀሐይ ሲበርድ... ላላ።

"ሙቀት ነው" አለ ዙቤር። "ብረት ይለጠጣል።"

ደስ አለኝ። ሳይንስ ደስ ይላል፤ በተለይ ስትፈራ።

ከሰዓት በኋላ መሰላል አቁሜ ወጣሁ። የአግዳሚው ጀርባ በአቧራና በርግብ ኩስ ተሸፍኗል።

ከመሃሉ በቀር።

መሃሉ ንጹሕ ነው። ለስልሷል። ጎድጎድ ብሏል... ሽማግሌ ዕድሜውን ሙሉ የተቀመጠበት የደጃፍ ድንጋይ እንደሚጎደጉደው።

እጄን አሳረፍኩበት።

ቦታው ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ዙሪያው ያለው ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው።

እሱ ግን ይሞቃል። ሰው አሁን ተነሥቶ የሄደበት ወንበር ያህል።

ወደ ታች ሳይ... ዙቤር ከሥሩ ምንጣፍ ዘርግቶ ያንኮራፋል። ከደረስን ጀምሮ የቀትር እንቅልፉን የሚተኛው እዚያው ነው። ደረቱ ላይ አቧራ ፈስሶበታል።

ሁለት ትንንሽ ቁልል። ጎን ለጎን።

ከላይ የተቀመጠ ሰው ሁለት እግሩን አራግፎበት እንደሆነ ሁሉ።

ወርጄ ቀሰቀስኩት።

"ተነሥ።"

"ምን ሆንክ?"

"ቀስ በል... ዝም ብለህ ተነሥ። ከዚህ ውጣ።"

ደረቱን አራገፈ። "ሰርጌ ሲደርስ የምታብደው አንተ ነህ?"

ያየሁትን ነገርኩት። እየሳቀ ሰማኝ። መጨረሻ ላይ ግን ሳቁ ቀጥ አለና ወደ ላይ አየ።

"ስተኛ... የሆነ ሰው ሲተነፍስ እሰማለሁ" አለ ዝቅ ብሎ። "አንተ ነህ ብዬ ነበር።"

እኔ ቀትር ላይ የምተኛው ማዶ፣ ከዛፍ ሥር ነው።

በማግስቱ አግዳሚውን የምናወርድበት ቀን ነበር። የተከራየነው የሰንሰለት ማንሻ በጠዋት ይደርሳል ተብሎ ስድስት ሰዓት ተኩል አልፎ ደረሰ። ማንሻውን ያመጣው ሾፌርም ቶሎ ጨርሱና ልሂድ አለ።

"ወደ ማታ እናድርገው" አልኩ።

"ለምን?" አለ ዙቤር።

"ማታ ክሪኩ ይላላል።"

ትክ ብሎ አየኝ። "ፓንዲት፣ እኔ እኮ ለሹማይላ የተማረ ጓደኛ አለኝ ብያት ነበር።"

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሱን ያጠፋው ያ ሳቅ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ወደ ኋላ ማለት አይችልም ነበር።

የዙቤር ቤተሰብ ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ቅስት ሠሪ ነው። ደንብ አላቸው። ከቅስት ሥር ድጋፍ ሲነሣ ሠሪው ገብቶ ከሥሩ ይቆማል። ከወደቀ በሱ ላይ ይወድቃል።

ጫማውን አውልቆ ገባ።

እጅጌውን ያዝኩት። "ይሄን ቅስት አንተ አልሠራኸው!"

"የኔ ሰዎች ሠርተውታል።"

"ዙቤር፣ አደራ አለብኝ።"

"እንግዲያው ሰንሰለቱን ደህና አድርገህ ያዝ።" እጄን አላቀቀ።

ባንሲ ቻቻ በሂንዱ ወግ፣ ለበረከት፣ ከበሩ ምሰሶ ሥር ኮኮናት ሰበረ። ዙቤር ቢስሚላህ አለ። ሁለቱም ወገን የድርሻውን ተወጣ።

ሳብን።

አግዳሚው አልመጣም። ሰንሰለቱ ጮኸ። የማንሻው እግሮች አፈር ውስጥ ሰመጡ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ምን ያህል እንደሚመዝን አውቃለሁ... ይህ ግን ሌላ ክብደት ነበር።

ከዚያ በድንገት ቀለለ።

"ወረደ..." አለ ባንሲ ቻቻ በሹክሹክታ።

"ምኑ ወረደ?"

አግዳሚው ገና ሰንሰለቱ ላይ ነበር።

ወደ ፊት ስበን የእንጨት መድረክ ላይ አሳረፍነው። ቅስቱ ንቅንቅ አላለም። አንዲት አሸዋ አልረገፈችም። ሠራተኞቹ አጨበጨቡ።

ዙቤር ሁለት እጁን ዘርግቶ ሳቀ።

"አየህ ፓንዲት! አየህ የኔ ሰዎች—"

ቆመ።

ጉልበቱ ቀስ ብሎ ታጠፈ። ኩንታል የጫኑበት ወዛደር እንደሚታጠፈው። የሸሚዙ ትከሻ ከአንገቱ ግራና ቀኝ ጭምድድ ብሎ ወደ ታች ተጣበቀ።

"ታንሜይ..."

ስሜን ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነው።

"ምንድነው? ምን ሆንክ?"

"ድምፅህን ቀንስ።"

"ና ውጣ፣ ልያዝህ—"

"እንዳትነካኝ።"

እየተመጣጠነ፣ እግሩን እየመረጠ ወጣ። ፊቱ ላብ በላብ ነው። በአጠገቤ ሲያልፍ ትንፋሽ ሰማሁ።

የሱ አፍ ተዘግቶ ነበር።

ከኋላው ርግቦቹ መጡ። ሰባት ሰዓት አልፏል... አንድ በአንድ በቅስቱ ሥር ሽው እያሉ አለፉ።

ሐኪም አየው። የጀርባውን ራጅ አነሡት። ምንም የለም፤ ጤነኛ ነው ተባለ። ሰርጉ ተላለፈ።

ሰኔ ሲገባ ሹማይላ ደወለችልኝ።

"አደራዬን እንዲህ አድርገህ ነው የምትመልሰው?" አለች። "ና። አንተን ይሰማሃል። አባቴ ነገ የሰጠውን የጋብቻ ቃል ሊያነሣ ነው። የሆነውን ይናገር እንጂ፣ ምንም ይሁን ምንም አገባዋለሁ። ዝም ካለኝ ግን በምን አፌ አባቴን ልለምን?"

በዚያው ቀን አግራ፣ ዙቤር ቤት ሄድኩ። ደጅ ላይ ጠበቀችኝ።

"ሲቀመጥ ቀስ ብሎ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ። "መጀመሪያ ወደ ላይ ያያል... ከዚያ ነው የሚቀመጠው።"

ክፍሉ እንደ ምድጃ ይፋጃል። በዚህ ወር አግራ ውስጥ ያለ ማራገቢያ የሚቀመጥ ሰው የለም። ቀና አልኩ።

የጣሪያው ማራገቢያ የለም። ሁለት ሽቦ ብቻ ተንጠልጥሏል።

"ራሱ ነው የነቀለው" አለች።

ዙቤር ከጓሮ መጣ። አጭር ሰው ነው። በሩ ደግሞ የድሮ ቤት በር ነው፤ ሁለት ዙቤር ተደራርቦ ያልፍበታል።

ደፉ ላይ ቆመ።

ሁለት እጁን ወደ ደረቱ አነሣ። ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አባት ቁርጭምጭሚቱን እንደሚይዘው... አየር ያዘ።

ጉልበቱን አጠፈ። ዝቅ... ዝቅ... በጣም ዝቅ ብሎ ገባ። ገብቶ ሲጨርስ ቀስ እያለ ቀና አለ።

ወደ ላይ አየ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል።

ሹማይላ ግድግዳውን ተደግፋ እኔን እኔን ታያለች።

"ዙቤር" አልኩት። "ማራገቢያውን ለምን ነቀልከው?"

ላቡን በእጅጌው ጠረገ።

"እኔን ተወኝ። እሷን ንገራት። ነገ እኮ አባቷ..."

"አውቃለሁ።"

ዓይኑ ወደ ላይ ሄደ፤ ተመለሰ። ሹማይላን ረጅም ጊዜ አያት።

"አልናገርም" አለ።

"ዙቤር፣ አንድ ቃል..." አለች እሷ።

"አልናገርም አልኩ። ላንቺም፣ ለሱም። ከሥሩ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ሸክሙም የኔ ነው።"