የዳኝነት ተራ

ፊሽካውን የነፋችው ሩዋይዳ ናት፤ የታሰረው ግን ጂሬኛ ነው። ሜዳው ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ለአዋቂ የተናገረ አንድም የለም።

ታኅሣሥ 2008 ነበር። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ ትምህርት ከተቋረጠ ወር ሊሞላው ነው። ቤት መቀመጥ የታከታት ሩዋይዳ ከአባቷ ከከድሩ ሱቅ ባዶ የሽንኩርት ከረጢቶች ለቅማ የመረብ ኳስ መረብ ሰፋች። የክፍሏ ልጅ ጂሬኛ፣ የገበሬው የኦቦ ደቻሳ ልጅ፣ ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚ በትከሻው ይዞ መጣ።

«ይሄ ኳስ ይችላል?» አለ መረቡን በጣቱ እየጎተተ።

«ሽንኩርት የቻለ ኳስ አያቅተውም።»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ደግሞ እንዲስቅ ምን ልበል እያለች ግን ታስብ ጀመር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ይጫወቱ ነበር። የፈቀደላቸውም የከለከላቸውም አዋቂ የለም። ተጫዋቹን፣ ነጥቡንና የዳኝነቱን ተራ የሚጽፉበት ደብተር ሩዋይዳ ዘንድ ነው። ጂሬኛ ያወጣው ደንብ አንድ ብቻ ነበር፦ ፊሽካ አይነፋም። በዚያ ሰሞን ቡራዩ ውስጥ ፊሽካ ከተሰማ ሰልፍ መጣ ማለት ነው፤ ባለሱቅ ይዘጋል፣ ታክሲ ይመለሳል። ስለዚህ ዳኛ የሚዳኘው በጭብጨባ ነው።

ጭብጨባ ሩዋይዳን ያበሽቃታል። በአራተኛው ቅዳሜ፣ ለፍጻሜው ጨዋታ፣ ተራው የእሷ ሆነ። ኳሱ መስመር ነክቷል አልነካም ተብሎ ጭቅጭቅ ሲነሳ አጨበጨበች። የሰማት የለም። ከኪሷ ፊሽካ አውጥታ ነፋች።

ከመንገዱ ማዶ አንድ የቆርቆሮ መዝጊያ ወረደ። ከዚያ አምስት። ከዚያ ሁሉም። ሰው ሮጠ። ፖሊሶች ከመድረሳቸው በፊት ጂሬኛ ፊሽካውን ከጣቶቿ ፈልቅቆ ወስዶ ነበር።

«ዝም በይ» አላት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ።

ዝም አለች። በሕይወቷ ከሠራቻቸው ነገሮች ያፈረችበት ይህ ብቻ ነው።

የጂሬኛ እህት ወርቅቱ በየቀኑ ፖሊስ ጣቢያ ስንቅ ታደርስለታለች። በስምንተኛው ቀን ስትመለስ በሱቁ በኩል አለፈች።

«መረቡን ፍየል እንዳይበላው አንሺው ብሎሻል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ፈለግሽ?»

«ምንም።»

«ውሸታም። ይችን መልእክት ሊነግረኝ ስምሽን ሦስቴ ጠራው።»

በማግስቱ ጠዋት ኦቦ ደቻሳ ራሳቸው ወደ ሱቁ መጥተው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡ።

«አካም ጅርቱ፣ ከድሩ። ሽማግሌዎች ጣቢያ ልንሄድ ነው። ሱቅህ ሜዳው ፊት ለፊት ነው፤ ጨዋታ ነበር ብለህ መስክርልኝ።»

«እመሰክር ነበር፣ ኦቦ ደቻሳ። ግን ልጁ ለምን ነፋ ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?»

«እኔም ጠይቄዋለሁ። አይመልስልኝም።»

«ስላልነፋ ነው» አለች ሩዋይዳ ከሚዛኑ ኋላ። ደብተሩን ገልጣ ፊታቸው አኖረችው። «የዚያን ቀን ዳኛዋ እኔ ነኝ። ተራው ተጽፏል።»

ከድሩ የሴት ልጁን ስም በራሷ የእጅ ጽሑፍ አነበበ። ሁለቴ አነበበ።

«እሱ ፊሽካው የእኔ ነው ብሏል እኮ።»

«ዋሽቶ ነው።»

«ስለ ምን ብሎ ይዋሽልሻል?»

ኦቦ ደቻሳ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመሩ።

«ሲወጣ እጠይቀዋለሁ» አለች።

«ሩዋይዳ፣ እዚያ መግባት እንጂ መውጣት ቀላል አይደለም። የሴት ልጅ ስም ደግሞ…»

«አባዬ፣ ጨዋታ መሆኑን የሚያሳየው ይሄ ደብተር ነው። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቄያለሁ፤ ስማችን ይታይ ብለዋል። አንተ ባትመጣም እሄዳለሁ። ብትመጣ ግን ደስ ይለኛል።»

ከድሩ ኦቦ ደቻሳን አየ፤ ኦቦ ደቻሳ አሁንም ጣሪያውን እያዩ ነው። ኮቱን ከምስማሩ አወረደ።

«ፍየሏን ያሳደገ አባት ቀንዷን ይችላል» አሉ ኦቦ ደቻሳ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

ሁለቱ ቀድመው ወጡ። ሩዋይዳ ደብተሩን በብብቷ ይዛ ተከተለችና የመዝጊያውን እጀታ ጨበጠች። ጎረቤታቸው አብዶ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ እጁን ወደ ራሱ መዝጊያ ሰደደ።

«ምን ሰማችሁ?»

«ምንም፣ ጋሼ አብዶ። እርስዎ አይዝጉ» አለችና የአባቷን ሱቅ መዝጊያ እስከ ታች ስባ ዘጋችው።