አረፋው እስኪያልቅ

ዌንደል መጀመሪያ ወደ ጋራዣችን የመጣ ቀን፣ ከእሱ በፊት የተሰማችው መኪናው ናት። መሪዋን ባዞረ ቁጥር ምጥ እንደያዛት ላም ታቃስታለች። እኔ አንድ ትራክተር ሥር ተጋድሜ ስለነበር መጀመሪያ ያየሁት ጫማውን ነው። የግራው ክር አልታሰረም።

«ይቅርታ፣ መካኒኩ የለም እንዴ?»

«መካኒኳ እግርህ ሥር ናት፤ እንዳትረግጣት!»

ጎንበስ ብሎ አየኝ። ፊቴ በግራሶ ተለቅልቋል። እሱ ግን ዓይኑን አልነቀለም። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ለመውጣት አልቸኮልኩም።

መኪናዋ የሴት አያቱ ናት፤ ቀይ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ የ1966 ሞዴል። ሃያ ዓመት ሙሉ በቆሎ ጎተራ ውስጥ ቆማ ዶሮ ሲያድርባት ኖራለች። ዌንደል የሙዚቃ አስተማሪ ነው፤ ሁለት ዓመት ለፍቶ አደሳት፤ በጁላይ አራት የነፃነት ቀን ሰልፍ ላይ አያቱን ከኋላ አስቀምጦ ሊያልፍባት ነው። የቀረው መሪው ብቻ ነበር።

የመሪውን ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋ ላልቶ ነው፤ አጠበቅኩት፤ ድምፁ ጠፋ። አመስግኖ ሄደ። መሄዱ ግን ደስ አላለኝም።

በሳምንቱ ከች አለ። አሁን ደግሞ የመሪው ዘይት ውስጥ አየር ገብቷል። ይህን ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የፊት ጎማዎቹ በክሪክ ይነሳሉ፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ አንዱ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ያመላልሳል፣ ሌላው የዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፍቶ አረፋው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ዌንደል አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ፣ ልክ ዘፈን እንደሚያስጠና፣ ያዞራል።

«አረፋ አለ?»

«አለ።»

«ኢንግሪድ፣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትቆጪው?»

«አሁን መቼ ተቆጣሁ? ይሄ እኮ ደስ ሲለኝ ነው።»

ሳቀ። ቆጠራውም ጠፋበት።

በሦስተኛው ሳምንት ፓይ የሚሉትን የቼሪ ኬክ ይዞ መጣ፤ መኪናዋም ማቃሰቷን ይዛ መጣች። ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘውን የፓምፑን ጎሚኒ ቀየርኩ፣ ቱቦዎቹን ፈትሼ ማሰሪያዎቻቸውን በገዛ እጄ አጠበቅኩ። አባቴ ወገቡን ከታመመ ወዲህ በር ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ሁሉን ነገር ያያል። ዌንደል እንደወጣ ጠራኝ።

«አንድ መኪና፣ በአንድ ሕመም፣ ሦስት ጊዜ? በአርባ ዓመት ሥራዬ አላየሁም!»

«አባዬ፣ እኔም ግራ ገብቶኛል።»

«ሰው ሥራ አትችልም እያለ ማውራት ጀምሯል። ለአራተኛ ጊዜ ከመጣች ጋራዡን ለአጎትሽ ልጅ ለሮስኮ ነው የማስረክበው። ቁርጡን ንገረኝ ካልሽኝ፣ ነገርኩሽ።»

ሮስኮ! የሞተር ዘይት ራዲያተር ውስጥ የጨመረው ሮስኮ! ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ እዚህ ጋራዥ ውስጥ ነው ያደግኩት፤ ሌላ የምፈልገው ነገር የለኝም። ማለቴ፣ ያኔ አንድ ሌላ ነገር መፈለግ ጀምሬ ነበር፤ እሱን ግን ለራሴም አልነገርኩም።

ሰልፉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት፣ ያ ማቃሰት ከመንገዱ መታጠፊያ ተሰማ። አባቴ ቀና አለ።

«ኢንግሪድ፣ ለሮስኮ ደውዪለት።»

እንባዬ መጣ። ዌንደልን ሰላም እንኳ ሳልለው ኮፈኑን ከፈትኩ። ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚሄደው ቱቦ ማሰሪያው ላልቷል፤ አየር የሚስበው በዚያ ነው። ብሎኑ ላይ ደግሞ ትኩስ የካቻቢቴ ጭረት አለ። የእኔ እጅ እንዲህ አይጭርም።

«ይሄን ማን ነካው?»

ጆሮው ቀላ። 

«ዌንደል!»

«እኔ።»

«ምን ሆነህ ነው?»

«ደህና መኪና ይዤ ምን ብዬ ልምጣ?»

በመፍቻው ልበለው ወይስ አንገቱ ላይ ልጠምጠም? ሁለቱም አማረኝ።

«‹ምሳ እንብላ› ማለት አቅቶህ ነው? በአንተ ጦስ ጋራዤን ላጣ ነው እኮ! አባዬ ሥራ አትችልም ብሎ ለሮስኮ ሊሰጠው ነው!»

ፊቱ ጨው መሰለ። ዞሮ አባቴ ፊት ቆመ። ተራ የሚጠብቁ ሁለት ገበሬዎች ወሬያቸውን አቆሙ።

«ሚስተር ሃልቮርሰን፣ ልጅዎ አንድም ቀን አልተሳሳተችም። ማሰሪያውን እያላላሁ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«አራቱንም ጊዜ?»

«የመጀመሪያው የመኪናዋ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የእኔ ነው።»

«ለምን?»

«ስለወደድኳት ነዋ!»

አንደኛው ገበሬ ባርኔጣውን አወለቀ። አባቴ ዌንደልን ከላይ እስከ ታች አየው።

«የገዛ መኪናህን ነው ያበላሸኸው?»

«የአያቴን ነው።»

«ይብስ! በል ክሪኩን አምጣ። አየሩን እንዳስገባኸው ታወጣዋለህ። አረፋው እስኪያልቅ ከሾፌሩ ወንበር አትነሳም። ኢንግሪድ፣ ሮስኮን ተዪው።»

ማሰሪያውን አጠበቅኩ። ዌንደል ያዞር ጀመር። ጸሐዩ በረታ፤ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ሠላሳኛው ዙር ላይ ዘይቱ ጠራ፤ ለመድኃኒት የምትሆን አረፋ የለችም።

«አረፋ አለ?» አለ እያለከለከ።

«አለ።»

«ብዙ ነው?»

«ገና ነው፤ አዙር!»

አባቴ ከወንበሩ በመከራ ተነስቶ መጣና ማጠራቀሚያውን አጎንብሶ አየ። ከዚያ እኔን አየኝ። ፊቴ ነደደ፤ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። ኮፍያውን ደፋ አደረገ።

«ኧረ ብዙ አለ!» አለ ወደ ዌንደል ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እስከ ማታም የሚያልቅ አይመስለኝም። እኔ ምሳዬን ልብላ።»