የዮሐናን ገመድ

ጀልባዋ ከሐደራ ከተማ ወንዝ አፍ ወጥታ የመጀመሪያውን ማዕበል ስትመታ ጋል ወደ ኋላ ተወርውሮ ወገቡ ከብረቱ ጋር ተላተመ። ወዲያው ተነሣ።

«ቀስ በል! ባሕር አይታገሥህም» አሉት ሞተሩን የያዙት አጎቱ ጋሽ አስማማው።

«ጋሼ፣ ዮሐናን ይቀድመናል! ያላ፣ ይፍጠኑ!»

ዮሐናን! ወላጆቻቸው ካገር ወጥተው በሰፈሩበት በቤት ኤሊዔዘር ሰፈር፣ አንድ ሕንጻ ውስጥ አብረው ነው ያደጉት። የሰፈሩ እናቶች ሁሉ ጋልን «እንደ ዮሐናን ሁን» እያሉ አሳደጉት። «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልያል ያገሬ ሰው፤ ዮሐናን ሳይጸልይ አግኝቷል።

ዘንድሮ ደግሞ በአንድ ሥራ ተፋጠጡ። የባሕር ውሃ ለመጠጥ ከተጣራ በኋላ የሚተርፈው ከባድ ጨዋማ ውሃ ወደ ባሕሩ ይመለሳል። በውስጡ ማግኒዝየም አለ፣ ሊትየም አለ። ተራራ መናድ ቀርቶ ማዕድን ከውሃ የሚታለብበት ዘመን እየመጣ ነውና አንድ አዲስ ኩባንያ ይህን የሚመራለት አንድ ሰው ፈለገ። ሁለቱም የየራሳቸውን ማጣሪያ ሠርተው በሽቦ ቅርጫት አስቀመጡ። ቅርጫቶቹን ጨዋማው ውሃ ከሚፈስበት ባሕር ውስጥ ያንጠለጠሏቸው፣ ሁለቱም የሚያምኗቸው ጋሽ አስማማው ናቸው። ዛሬ አርባ ቀኑ ሞላ። እስከ እኩለ ቀን ብዙ ማዕድን የያዘ ቅርጫት ያስረከበ ሥራውን ያገኛል፤ ያላስረከበ ቀረ።

ዝናቡ ፊታቸውን ይገርፋል። ማዕበሉ ጀልባዋን እያነሣ ይጥላታል፤ ጋል የገባውን ውሃ በባልዲ እየዛቀ ይደፋል። እንደ ምንም ታግለው ተንሳፋፊው በርሜል ጋ ደረሱ። ከበርሜሉ ሁለት ገመድ ወደ ታች ወርዷል፦ ቀዩ የጋል፣ ቢጫው የዮሐናን።

ጋሽ አስማማው ፊታቸውን ወደ ሞተሩ እንዳዞሩ የጋል እጅ ቢላዋውን መዘዘ። አላሰበም ብል እዋሻለሁ፤ አርባ ቀን ሲያስብ ነው የከረመው። በአንድ እጁ ቀዩን ጨብጦ ቢጫውን ገመድ ቆረጠው።

ወዲያው ቀዩ ተወጥሮ ጮኸ፣ ተበጠሰ፣ መዳፉን ልጦት ወደ ጥልቁ ሄደ።

«ምን አደረግህ አንተ ልጅ?» ሽማግሌው ጮኹ። «ቅርጫቶቹን ታች እርስ በርስ አስሬያቸው ነበር እኮ! ካገር ወጥተን በእግር ስንሰደድ፣ በሱዳን መንገድ ልጆቻችን እንዳይጠፉብን በነጠላ ጫፍ እናስተሳስራቸው ነበር። አንዱ ቢለቅ ሌላው ይይዘዋል ብዬ ነው!»

ቀዩ ገመድ ለካ ከበርሜሉ ብረት ጋር ሲፋተግ ሳስቶ ኖሯል። የሁለቱንም ሸክም ይዞ የከረመው የዮሐናን ገመድ ነበር።

ጋል የመዋኛ መነጽሩን አጥልቆ፣ አዲስ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ዘለለ። ባሕሩ ዳር ካለው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ የሚወጣው ሙቅ ውሃ በብርድ ወራት ሻርክ ይሰበስባል፤ ሐደራ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። ግራጫ ጀርባዎች በሥሩ አለፉ፤ አንዱ ዞሮ መጣና ሻካራ ጎኑን ጭኑ ላይ አሽቶ ሄደ። ቢሆንም ቀዘፈ፣ ወረደ፣ አሸዋው ላይ ተቃቅፈው የተኙትን ቅርጫቶች ጨበጠ።

ቅርጫቶቹን ያስተሳሰረው ማሰሪያ አንድ ክንድ አይሞላም። ቢቆርጠው የራሱን ብቻ ይዞ ይወጣል፣ ማንም አያውቅም። ቅናቱ እዚያም ድረስ ተከትሎት ወርዷል፦ ቁረጠው! ቁረጠው! ደረቱ አየር አጥቶ ይጋይ ጀመር። ቢላዋውን አሸዋው ላይ ጣለና የወገቡን ገመድ ፈትቶ በሁለቱም ቅርጫት እጀታ አሳልፎ አሰረው።

ሲወጣ ጸጉሩን ጨምድዶ ያወጣው የጋሽ አስማማው እጅ አልነበረም። ዮሐናን በሌላ ጀልባ ደርሶ ነበር።

«አብደሃል? ሻርክ መሀል ብቻህን? ሳብ፣ ረጋ በል፣ እኔም ልያዝልህ!»

ሦስት ሆነው ጎተቱ። እኩለ ቀን ሊሞላ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ቅርጫቶቹ በኩባንያው መሐንዲስ በኦርና ጠረጴዛ ላይ ሆነው ውሃ ያንጠባጥቡ ነበር።

«ከመመዘኑ በፊት» አለ ጋል። «የዮሐናንን ገመድ የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ማዕበል አይደለም። ቀንቼ ነው።»

ጋሽ አስማማው አንገታቸውን ደፉ። ኦርና የጋልን ስም ከተወዳዳሪዎቹ መዝገብ ሰረዘችው።

ዮሐናን እጁን ወደ ካፖርቱ ኪስ ሰደደና አዲስ ቢላዋ፣ ዋጋው የተጻፈበት ወረቀት ገና ያልተላጠለት፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እኔንም ሰርዢኝ። ጋል ቀደመኝ እንጂ የመጣሁት ቀዩን ልቆርጥ ነበር። እናቴ ልጅ ሆነን ‹እንደ ጋል ሁን› እያለች ነው የገረፈችኝ።»

ኦርና ሁለተኛውን ስም ሰረዘች።

ጋል አብሮ አደጉን ትክ ብሎ አየው። «እኔን ባሕሩ አስፈራርቶኝ ነው የተናገርሁት፤ እሱን ማን አስገደደው?» አለ በልቡ፣ ሳይገደድ እውነቱን በመናገሩም ቀናበት። ይሄኛው ቅናት ግን አላቃጠለውም።