የጁምዓው ሪፖርት

ሚክዳድ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱ የተመታበት ከባድ የብረት ቬንትሌተር አጠገቡ ወድቋል፤ ስልኩ እጁ ሥር ነው። የሥራ ክፍሉ ተዘግቶ ስለዋለ እንደ ዳቦ ቤት ይጋረፋል። ሐኪሙ «በዚህ ሙቀት መቼ እንደሞተ ከሬሳው መናገር አልችልም» ብሎ ቁርጡን ተናገረ።

ኢንስፔክተር ዐማል ተናደደች። ሐኪሙ ያልተናገረውን ስልኩ ተናግሯል ተብሎ የሠራተኛዋ የሲሃም እጅ በካቴና ታስሯል።

ሚክዳድና ጓደኛው ክፍሉ በሽርክና የከፈቱት ይህ የከዚራ ሰፈር ቢሮ፣ የደንበኞች ድረ ገጽ በጉግል ሲፈለግ ስንተኛ እንደሚወጣና ክፍት መሆን አለመሆኑን ይከታተላል። ሲሃም ተቀጣሪያቸው ናት። ሚክዳድ የሠራው ፕሮግራም በየቀኑ መረጃውን ይለቅማል፤ እሱ አይቶ ሦስቱ ወዳሉበት የቴሌግራም ግሩፕ ይልካል። የዛሬው የመጣው በጁምዓ ሶላት ሰዓት ነው፤ ስለዚህ እስከዚያ በሕይወት ነበር ተብሏል። ያኔ ሕንጻው ውስጥ የነበረችው ሲሃም ብቻ ናት።

«የሱ በር ተቆልፎ ነበር፤ ሶላት የሄደ መሰለኝ፤ ወላሂ!» አለች ሲሃም። «ሲቆይብኝ በራሴ ቁልፍ ከፈትኩ። ሦስታችንም ቁልፍ አለን።»

«ሪፖርቱን ሳያነብ ይልካል?»

«እሱ? እያንዳንዷን መስመር ሳያይ አይልክም! ግን በእጅ መላኩ ሊቀር ነበር። ከነገ ጠዋት ጀምሮ በቀጥታ ለደንበኞች፣ በራሱ ይሄዳል። እስከ ዛሬ ውጤታቸውን የሚነግራቸው ክፍሉ ነው።»

ክፍሉ ከከተማ ውጪ፣ ከቢዮ አዋሌ ተጠርቶ መጣ። ዐይኑ ደም መስሏል።

«ጠዋት ተሰናብቼው ወጣሁ። በሶላት ሰዓት ደንበኛ ቤት ነበርኩ። ደውዪና ጠይቂ፣ አቦ!»

ደውላ ጠየቀች። እውነቱን ነው።

የቀሩት፣ ትናንት ማታ ከሟቹ ጋር ሲጯጯሁ የተሰሙት የቢሮው ደንበኛ፣ ነጋዴው ሐጂ አብዲራሺድ ናቸው።

«ተጣልታችሁ ነበር፣ ሐጂ?»

«የምን ጥል፣ ልጄ! የመጋላው ሱቄ በጁምዓ ይዘጋል፤ ድረ ገጹ ግን ሲሸጥ ይውላል። ነውር ነው አልኩት። ሳቀብኝና በሶላት ሰዓት በራሱ እንዲዘጋ አደረገልኝ። ዛሬ የመጀመሪያው ነው። መስጊድ ከመግባቴ በፊት አየሁት፤ ጥርቅም ብሏል።»

ዐማል በሟቹ ስልክ የተላከውን ሪፖርት ደግማ አነበበች። «ሁሉም ገጾች ክፍት ናቸው» ይላል።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሲሃም ከዚያ ወጥታ ፍርድ ቤት ልትቀርብ ነው፤ ካቴናው አልተፈታም።

«የሐጂን ገጽ የዘጋው ሚክዳድ ራሱ ነው» ብላ ጀመረች። «ታዲያ በዚያው ሰዓት ‹ሁሉም ክፍት› ብሎ እንዴት ይጽፋል? ፕሮግራሙን አስከፍቼ አየሁ፤ በሶላት ሰዓት ‹አንድ ገጽ ዝግ› ብሎ መዝግቧል። የተላከው ግን ቃል በቃል የሐሙሱ ሪፖርት ነው።»

የሟቹን ስልክ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው።

«ገዳዩ በሟቹ ጣት ስልኩን ከፍቶ፣ የሐሙሱን ገልብጦ፣ በሶላት ሰዓት እንዲላክ ቀጠረው። ቴሌግራም እንዲህ ያለ ቀጠሮ ይቀበላል። ሚክዳድ የሞተው ጠዋት ነው። ሲሃም ብትገድለው ሕንጻው ውስጥ ብቻዋን በምትሆንበት ሰዓት አትቀጥርም፤ ራሷን ማሰር ነው። ሐጂ መዘጋቱን ያውቃሉ፤ ቁልፍም የላቸውም። ቁልፍ ያለው፣ መዘጋቱን ያልሰማ፣ በዚያ ሰዓት ሩቅ መታየት የፈለገ አንድ ሰው ነው።»

«እንደ ወንድሜ እኮ ነው!» ክፍሉ ብድግ አለ። «ለምን ብዬ?»

ዐማል አፏን ሳትከፍት የሐጂ ስልክ ጮኸ። ማንም ሳይነካው፣ በራሱ የሚሄደው የመጀመሪያው ሪፖርት መጣ። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡ።

«‹ሱቅዎ በፍለጋ ሃምሳ ሦስተኛ ነው።›» ቀና አሉ። «ክፍሉ፣ ዓመት ሙሉ አንደኛ ነህ ስትለኝ አልነበር?»

ክፍሉ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ውሸቴን ያጋልጣልና እንዳይጀምረው ለመንኩት» አለ። «እሱ ከሌለ የማይሄድ መስሎኝ...»

ዐማል የሲሃምን ካቴና ፈታች። ልጅቱ የተላላጠ የእጅ አንጓዋን እያሸች ወደ ሐጂ ስልክ ጎንበስ አለች። የሪፖርቱን የመጨረሻ መስመር ስታይ እስካሁን አፍና የያዘችው ለቅሶ ገነፈለ።

«ጥያቄ ካለዎት ይደውሉልኝ። ሚክዳድ።»