የጃኬቱ ደጋፊዎች

ፌንጣ ኳሷን ወደ ላይ ወርውራ ልትመታ ስትል ከላይ ጩኸት ፈነዳ።

«ልጃችን! ልጃችን! በያት! በያት!»

ደንግጣ ኳሷን ሳተቻት። ዳኛው ነጥቡን ለተጋጣሚዋ ሰጠ። ቀና ብላ ብታይ፣ ከላይ ከተመልካች መቀመጫ አሥር የሚሆኑ ሰዎች ቆመው የቀለም ባልዲ ይደበድባሉ። ከፊታቸው የአውቶቡስ ሾፌር ደንብ ልብስ የለበሰች፣ ትከሻዋ በር የሚሞላ ሴትዮ በሁለት እጇ እየጠቆመች «ግድ የለም እናትዬ! አንድ ነጥብ ነው፣ ይመጣል!» ትላለች።

ፌንጣ ሌላ ሰው ይሆን የሚሉት ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም የለም። ለካ እሷን ነው።

እንግዲህ ፌንጣ በአሥራ አራት ዓመቷ ለእሷ ተብሎ የተጮኸ ጩኸት ሰምታ አታውቅም። ከሰማችም «አንቺ ፌንጣ፣ ሳህኑን እጠቢ!» የሚለውን ነው። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ፒንግ ፖንግ ስትጫወት እግሯ አንድ ቦታ አይቆምም። እናቷ ነርስ ናት፤ ውድድር ባለ ቁጥር ተረኛ ትሆናለች። ወንድሟ ደግሞ «ምኑ ይታያል? አንገት ማጣመም ነው» ባይ ነው። ወደዚህ ሰው አገርም ለውድድር የመጣችው ከአሰልጣኟ ጋር ብቻ ነው።

ጩኸት ለካ ጉልበት ይሆናል! ሁለት ዙር ተመርታ፣ ወደ ቤት ለመመለስ የምታስብ የነበረችው ልጅ አንዱን ነጥብ አገኘች፣ ባልዲው ተመታ። ሁለተኛውን አገኘች፣ ባልዲው ሊሰበር ደረሰ። የቀሩትን ዙሮች አከታትላ ወሰደችና አሸነፈች። የተጋጣሚዋን እጅ ጨበጠች።

ጠዋት ለብሳው የገባችውን ጃኬት ከወንበሩ ላይ አንስታ ከመልበሷ ሰዎቹ ደረጃውን ወርደው ከበቧት። ሾፌሯ እቅፍ አድርጋ ከመሬት አነሳቻት።

«እሰይ የኛ ልጅ! ጃኬቱን ባናይ ኖሮ እኮ አልፈንሽ ነበር!»

ነገሩ የገባት ያኔ ነው። ጃኬቱ የእሷ አይደለም። ሻንጣዋ በጉዞ ላይ ጠፍቶ፣ አዳራሹ ደግሞ ብርድ በብርድ ሆኖ፣ ጠዋት ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ያየች አንዲት ተጫዋች ናት አውልቃ የሰጠቻት። ልጅቷ የጎረቤት አገር ተወዳዳሪ ናት። በሁለቱ አገሮች መሃል ያለው አንድ ወንዝ ብቻ ነው። ቋንቋቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን እነዚያ ቃሉን ይስቡታል፣ የፌንጣ አገር ሰዎች ቆረጥ ያደርጉታል፤ ሁሉም የራሱን ትቶ በሌላው ይስቃል። አዘጋጆቹ ደግሞ ለሁሉም ተጫዋች አንድ ዓይነት ነጭ ቲሸርት አድለዋል። የማን አገር ልጅ እንደሆንሽ የሚናገረው ጃኬትሽ ብቻ ነው።

«እዚህ ከተማ ያለነው በጣት የምንቆጠር ነን» አለች ሾፌሯ፣ በመሐረቧ የፌንጣን ግንባር እየጠረገች። «ግን ደንብ አለን። ከአገራችን መጥቶ እዚህ የሚጫወት ልጅ፣ ሩጫም ይሁን ዳማም ይሁን፣ ያለ ዘመድ አይጫወትም። እኔ ፈረቃዬን ለውጬ ነው የመጣሁት። እሱ ግድግዳ ለሳኝ ነው፤ ባልዲው የሱ ነው፤ ኖራው ገና አልደረቀም። ያኛው ኬክ ጋጋሪ ነው።»

«ሕጉንስ ታውቁታላችሁ?» አለች ፌንጣ።

«ኧረ የት አውቀን!» ኬክ ጋጋሪው ሳቀ። «እኔማ ኳሷን ራሷን አላየኋትም። ያንቺን ፊት እያየሁ ነው የጮህኩት። ፊትሽ ሲፈካ ጮህኩ፣ ሲጠቁር ባሰብኝና ጮህኩ።»

ፌንጣ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ለማያውቋት ልጅ፣ ለማያውቁት ጨዋታ! «እግዜር ይስጥልኝ… ግን እኔ…» ብላ ጀመረች።

«ቆይ ቆይ! አነጋገርሽ!» ሾፌሯ እጇን አነሳች። «የወንዝ ዳር ልጅ ነሽ አይደል? እነሱ ናቸው እንደ ማዶዎቹ ቃሉን የሚቆርጡት። አጎቴ እዚያ ነው ያገባው! ስሙልኝ እስቲ፣ አቤት ስታምር!»

«አይደለሁም» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምትበቃው። ፌንጣ ግን ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሁሉም በደስታ አጨበጨቡ። ሾፌሯ የተላጠ ብርቱካን እጇ ላይ አስቀመጠችላትና «ነገም አለን!» ብላ ሰዎቿን ይዛ ወደ ላይ ወጣች።

ብርቱካኑ ጣፋጭ ነበር፤ ግን አልወርድ አላት።

እጇን ልትታጠብ ቧንቧው ጋ ስትደርስ ባለጃኬቷን አገኘቻት። ቀጭን ናት፣ ግራኝ ናት፤ በግራ እጇ ፊቷን እያራሰች ነበር።

«ደጋፊዎቻችሁ ኃይለኛ ናቸው» አለቻት። «በናትሽ ከየት አመጣችኋቸው? እኔ በሩ ጋ ካለው ጠረጴዛ ሆኜ እንኳ ጆሮዬ ሊደነቁር!»

ፌንጣ እጇን ወደ ቧንቧው ሰደደች። ከዚያ ርቀት ጩኸት እንጂ አነጋገር አይለይም።

«የኛም ሰዎች እዚህ አሉ ተብሎ ነበር» ቀጠለች ልጅቷ። «አባቴ ትናንት ደውሎ ‹አይቀሩም፣ ድምፃቸውን ትሰሚያለሽ› አለኝ። እኔም እንደ ፋራ ጠዋት ሙሉ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ ዋልኩ።» ሳቀች፤ ሳቁ ግን ከአፏ አላለፈም። «አቦ ተይው። ሥራ ይዟቸው ይሆናል። ብርዱስ ለቀቀሽ? ያዢው ጃኬቱን፣ እኔ ሙቀታም ነኝ። አሁን ልጫወት ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት ፌንጣ ደስ ባላት። ጃኬቱን የሰጠቻት እኮ ይህች ልጅ ናት! ደግ ሆና በሰጠችው ጃኬት ዘመዶቿን ተነጠቀች፤ መነጠቋንም አላወቀችም።

አሰልጣኟን ፈልጋ አገኘችው። ወንበር ላይ ተዘርግቶ የራኬት ጎማ ያጸዳል።

«አሰልጣኝ፣ እነዚያ ሰዎች የኛ አይደሉም።»

«ጆሮ አለኝ እኮ። ቃሉን ሲስቡት ሰምቻለሁ።»

«ተሳስተው ነው። ልነግራቸው ነው።»

አሰልጣኙ ጎማውን አስቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ማሸነፍ ይወዳል። «ስሚ ፌንጣ። አንቺ ጎትተሽ አላመጣሻቸውም። እዚያ በሩ ጋ ያለችው ግራኝ አሁን ካሸነፈች ነገ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ያንቺ ናት። እስካሁን ስታሸንፍ የነበረው ብቻዋን ሆና ነው። ሰው ሲጮህላት ምን እንደምትሆን አስቢው። ዝም በይ። ዝምታ ወርቅ ነው።»

«እናቴ ደግሞ በሰው ወርቅ አይደምቁም ትላለች።»

«እናትሽ የልጅቷን ግራ እጅ አላየቻትም!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በሩ ጋ ያለው ጨዋታ ተጀምሯል። ባለጃኬቷ እየተመራች ነው። አንድ ነጥብ በጣለች ቁጥር ቀና ብላ መቀመጫውን ታያለች፤ ከሷ በላይ ያለው ረድፍ ባዶ ነው፤ መልሳ ወደ ጠረጴዛው ታቀረቅራለች። ከአዳራሹ ማዶ ሾፌሯ ፌንጣን አይታ እጇን አውለበለበችላት፣ «ነይ እንጂ!» የምትል ይመስላል።

ፌንጣ እነዚህን ሰዎች ትፈልጋቸዋለች። እውነቱ ይኸው ነው። ነገ መጥተው እንዲጮኹላት፣ ፊቷ ሲጠቁር እንዲብስባቸው ትፈልጋለች። ከተናገረች ግን ነገ እነሱ በሌላ ወገን ይሆናሉ፤ ባልዲው የሚመታው በሷ ላይ ነው። እስከ ነገ ብትቆይስ? ከግማሽ ፍጻሜው በኋላ ብትነግራቸውስ? ባለጃኬቷ አንድ ዙር ተሸነፈች፤ እንደገና ቀና ብላ አየች።

ፌንጣ ጃኬቱን አወለቀች። ብርዱ ወዲያው ክንዷን ያዛት። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች ትንፋሽ እያጠራት። «እኔ የእናንተ ልጅ አይደለሁም። የወንዝ ዳርም አይደለሁም። ከማዶ ነኝ። ጃኬቱ ተውሼ ነው። ልጃችሁ ያቻትና፣ በሩ ጋ። ብቻዋን ናት።»

ለሳኙ ዱላውን እንደ ያዘ ቀረ። ኬክ ጋጋሪው «ጉድ!» አለ።

የሾፌሯ ፊት ጠቆረ። «ታዲያ ስጠይቅሽ ለምን ራስሽን ነቀነቅሽ?»

«ደስ ብሎኝ ነዋ!» ፌንጣ ማልቀስ ጀመረች፤ አልደበቀችውም። «እንዲህ ተጮሆልኝ አያውቅም።»

ሾፌሯ አየቻት። ከዚያ ወደ በሩ አየች፤ አንዲት ቀጭን ልጅ ኳሷን ራሷ ሮጣ እያነሳች ነው። ሴትዮዋ በሁለት እጇ ጭኗን መታች።

«ኧረ እኛ! የአገር ልጅ ተጥላ ጃኬት ስንደግፍ ዋልን! ተነሡ! ምን ትጎለታላችሁ፣ ተነሡ እንጂ!» ጃኬቱን ከፌንጣ እጅ ቀማ አድርጋ እንደ ባንዲራ እያውለበለበች በመቀመጫዎቹ መሃል ሮጠች። አሥሩም ተከተሏት፤ ባልዲው ደረጃው ላይ እየተንከባለለ ቀደማቸው።

ፌንጣ ብቻዋን ቀረች። ታች አሰልጣኟ ራሱን ይዞ ተቀምጧል።

ሾፌሯ ድንገት ከሩቅ ዞር አለች። «አንቺስ? እዚያው ተተክለሽ ልትቀሪ ነው? ጉሮሮ የለሽም?»

ፌንጣ እንባዋን በቲሸርቷ ጠረገችና ሮጠች።

«ልጃችን! ልጃችን!» ጩኸቱ ሲፈነዳ ባለጃኬቷ ልክ ጠዋት ፌንጣ እንዳደረገችው ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም የለም። ቀና ብላ የሚውለበለበውን ጃኬት አየች፣ ሰዎቹን አየች፣ «ግድ የለም እናትዬ!» የሚለውን የተሳበ ቃል ሰማች። በግራ እጇ ደረቷን ነካች፤ እኔን? እንደ ማለት። ሾፌሯ «አንቺን እንጂ ማንን!» አለች፤ ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

የሚቀጥለው ኳስ እንዴት ጠረጴዛውን መትቶ እንዳለፈ ተጋጣሚዋ እንኳ አላየችውም። አሰልጣኙ እውነቱን ነበር። ልጅቷ ሰው ሲጮህላት ሌላ ሰው ናት። ፌንጣ አየቻት፤ ፈራቻት፤ ደግሞ ወደደችው አጨዋወቷን። አፏን ከፍታ ጮኸች፣ ቃሉን ቆረጥ እያደረገች፣ እንደ እናቷ፣ እንደ ሰፈሯ ሰው።

አጠገቧ ባልዲውን የሚደበድበው ለሳኝ ዓይኑን ከጨዋታው ስላልነቀለ አጠገቡ ያለችው እሷ መሆኗን ልብ አላለም። አነጋገሯ ጆሮው ውስጥ ሲገባ እጁን ገታ አድርጎ፣ ዓይኑ አሁንም ጠረጴዛው ላይ እንደሆነ፣ ጆሮውን ዘንበል አደረገላት።

«አንቺ ደግሞ ከየት ነሽ?»

«ከወንዙ ማዶ» አለችው ፌንጣ፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳትነቅል። «ነገ የምገጥማት እኔ ነኝ።»

ለሳኙ ዞር ብሎ አይቶ ለያትና ባልዲውን ወደሷ ገፋ አደረገላት። ፌንጣም በመዳፏ መታችው።